ዴክ ልትገዙ ነው? የሠርጋችሁን ሲዲ ይዛችሁ ውጡ

ባለፈው ጥር ደብረ ማርቆስ አንድ ዘመዴ ቤት ተጠርቼ ሄድኩ። ባለ 55 ኢንች ቴሌቪዥን ግድግዳ ላይ ሰቅሏል። አምስት ስፒከርና አንድ ቤዝ ያለው ሆም ቴአትር ገዝቷል። እህቱ ደግሞ ከአሜሪካ ስትመጣ ብሉሬይ ዴክ (ከዲቪዲ የጠራ ምስል ያለውን ብሉሬይ የሚባል ሲዲ የሚያጫውት) ይዛለት መጥታለች። የመብራቱ ነገር ስለገባት 220ውን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመርም አልረሳችም። ቡናው ተፈላ። ፈንዲሻው ቀረበ። የሠርጉ ሲዲ ገባ።

ዴኩ ትንሽ አጉረመረመና ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር እንግሊዝኛ አወጣ። ይህን ሲዲ ማጫወት አልችልም ነው ነገሩ። የክርስትናውን ሞከርን፤ ያው። የመዝሙር ሲዲ ሞከርን፤ ጭራሽ መልሶ ተፋው። በመጨረሻ ልጁን ጎረቤት ልከን፣ አሮጌ ዲቪዲ ተውሰን ሠርጉን አየን።

ዴኩ ጤነኛ ነበር። ሲዲዎቹም ጤነኞች ነበሩ። አልተግባቡም እንጂ። ለምን እንዳልተግባቡ ወደ ታች እመጣበታለሁ። ለጊዜው ይህን ያዙልኝ፦ ዴክ የሚመረጠው ቤት ባለው ሲዲ ነው። ካርቶኑ ላይ የተደረደረውን አርማ በኋላ ታዩታላችሁ።

ዛሬ ሲዲ ማን ያያል የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ አዲሱ ፊልም ዩቲዩብ ላይ ነው። ግን የእናንተ ሠርግ፣ የልጅቷ ምርቃት፣ አያታችሁ ሲመርቁ የሚሰማበት ክርስትና ዩቲዩብ ላይ የለም። ደግሞም ሲዲ ፓኬጅ አያልቅበትም።

1. ሲዲውን ሁሉ ዘርግፉ

ቁም ሳጥን ውስጥ፣ አልጋ ሥር፣ ከፎቶ አልበሙ ጀርባ ያለውን ሁሉ አውጡና ምንጣፍ ላይ ዘርግፉ። በልማድ ክቡን ነገር ሁሉ "ሲዲ" እንለዋለን። ሁሉም ስፋታቸው 12 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ዓይን ያታልላሉ። ውስጣቸው ግን የተለያየ ነው።

ቪሲዲ የሚይዘው 700 ሜጋባይት ገደማ ነው። የድሮ ፊልሞች ለሁለት ሲዲ የሚከፈሉት ለዚህ ነው፤ አንዱ ከአንድ ሰዓት ከሩብ ብዙም አያልፍም። ምስሉ 352 በ288 ነጥብ ነው። ዲቪዲ በአንድ ሽፋን 4.7፣ በሁለት ሽፋን 8.5 ጊጋባይት ይይዛል፤ ምስሉ 720 በ576 ነው። ብሉሬይ 25 ወይም 50 ጊጋባይት ይዞ 1920 በ1080 ያሳያል። 4ኬ ብሉሬይ እስከ 100 ጊጋባይት ይደርሳል፤ ምስሉም 3840 በ2160 ነው። ስታባዙት ዲቪዲ የቪሲዲን 4 እጥፍ፣ ብሉሬይ የዲቪዲን 5 እጥፍ፣ 4ኬ የብሉሬይን 4 እጥፍ ነጥብ ይሰጣል።

አሁን በሦስት ክምር ለዩ። ቪሲዲና የመዝሙር ሲዲ አንድ ላይ። ዲቪዲ ለብቻ። ብሉሬይ ካለ ለብቻ።

ብሉሬዩ ክምር ባዶ ከሆነና ከውጭ የሚልክላችሁ ሰውም ከሌለ፣ የእኔ ምክር ብሉሬይ ዴክ አትግዙ ነው። ኤችዲኤምአይ (ምስልና ድምፅ በአንድ ገመድ የሚያሳልፍ ቀዳዳ) ያለው ጥሩ ዲቪዲ ዴክ ግዙ። የተረፈውን ብር ስፒከርና ስታብላይዘር ላይ አውሉት። ሻጩ አይወድላችሁም። ግን ብሉሬይ ዴክ የሠርግ ዲቪዲን ብሉሬይ አያደርገውም። ነጥቦቹን ዘርግቶ ትልቁን ስክሪን ይሞላል እንጂ ካሜራው ያልቀረጸውን ከየት ያመጣል? ይህን መዘርጋት ደግሞ ዛሬ ቴሌቪዥኑ ራሱም ያደርገዋል።

ብሉሬይ ካላችሁ ግን ልዩነቱን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። በተለይ ከ50 ኢንች በላይ።

2. ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ግቡ

ስልካችሁን ይዛችሁ የቴሌቪዥኑን ጀርባና የሆም ቴአትሩን ጀርባ ፎቶ አንሱ። ሱቅ ገብቶ "ቀዳዳው እንዲህ ነው መሰለኝ" ከማለት ያድናል።

መጀመሪያ ሆም ቴአትሩ ራሱ የሲዲ መክተቻ እንዳለው እዩ። ብዙዎቹ አላቸው። ካለው ዴክ አላችሁ ማለት ነው፤ ሌላ ከመግዛታችሁ በፊት እሱን ሞክሩት።

ከዚያ የድምፁን መንገድ አስቡ። ቀይና ነጭ ጃክ የሚያሳልፈው የግራና የቀኝ ድምፅ ብቻ ነው። አምስቱ ስፒከርና ቤዙ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ድምፅ እንዲያገኙ ኤችዲኤምአይ፣ ኦፕቲካል ወይም ኮአክሲያል መግቢያ ያስፈልጋል። ኦፕቲካል ዶልቢ ዲጂታልና ዲቲኤስ የሚባሉትን የብዙ ስፒከር ድምፅ ዓይነቶች በደንብ ያሳልፋል። ብሉሬይ ላይ ያሉት ዶልቢ ትሩኤችዲና ዲቲኤስ ኤችዲ ማስተር ኦዲዮ ግን በሙሉ ጥራታቸው በኦፕቲካል አያልፉም፤ ኤችዲኤምአይ ይፈልጋሉ።

ሁለት ዓይነት አገጣጠም አለ። አንደኛው ከዴኩ ወደ ሆም ቴአትሩ፣ ከሆም ቴአትሩ ወደ ቴሌቪዥን ነው። ሁለተኛው ዴኩን ከቴሌቪዥን ማገናኘትና ድምፁን "ኤአርሲ" በሚለው ቀዳዳ ወደ ሆም ቴአትሩ መመለስ ነው። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ዲቲኤስን የማያሳልፉ ቴሌቪዥኖች ብዙ ናቸው፤ በሁለተኛው መንገድ ምስሉ እያለ ድምፁ ድርግም ሊል ይችላል። ሆም ቴአትሩ አሮጌ፣ ቴሌቪዥኑ 4ኬ ከሆነ ደግሞ ሁለት የኤችዲኤምአይ መውጫ ያለው ዴክ ፈልጉ፤ አንዱ ለምስል፣ ሌላው ለድምፅ።

አንድ ነገር በመሃል ልጨምር። ኢንተርኔት ላይ "ሪሲቨር ያስፈልግዎታል" የሚል ካነበባችሁ የዲሹን ሪሲቨር ማለታቸው አይደለም። ድምፅ ፈትቶ ለስፒከሮች የሚያከፋፍለውን አምፕሊፋየር ነው። ባህር ዳር አንድ ሰው ሁለተኛ የዲሽ ሪሲቨር ገዝቶ ሲመጣ በዓይኔ አይቻለሁ።

3. መካከለኛው የትኛው ነው?

ዋጋ በብር አልጽፍም፤ ይህ ጽሑፍ ሳይነበብ ይለወጣል። ደረጃውን ግን ልንገራችሁ። ታች ያለው ተራ ዲቪዲ ነው። ላይ ያለው ድምፁን ራሱ ፈትቶ በ7.1 ጃክ (ለሰባት ስፒከርና ለአንድ ቤዝ) የሚያወጣ ከባድ 4ኬ ዴክ ነው። መሃል ላይ ሁለት ዓይነት አሉ፦ 1080ፒ (ምስሉ 1920 በ1080 የሆነው) ብሉሬይ ዴክና ቀለል ያለ 4ኬ ዴክ። ለምሳሌ የሶኒ ቢዲፒ-ኤስ6700 የመጀመሪያው ዓይነት ነው። የሶኒ ዩቢፒ-ኤክስ700 እና የፓናሶኒክ ዲፒ-ዩቢ420 ሁለተኛው።

ባለ 55 ኢንች ቴሌቪዥን ከ3 ሜትር ርቀት ለሚያይ ሰው የ4ኬ ነጥቦች ብዛት ያን ያህል አይታወቅም። 1080ፒ ከ2 ሜትር ከምናምን በኋላ ነጥቡ ለዓይን ይጠፋል። 4ኬ ላይ በርቀትም የሚታየው ኤችዲአር የሚባለው የብርሃንና የቀለም ስፋት ነው። እሱም ቴሌቪዥኑ በቂ ብርሃን ካለው ብቻ። ስለዚህ ሳሎናችሁ እንደ አብዛኛው የእኛ ሳሎን ሶፋው ግድግዳ ተጠግቶ ቴሌቪዥኑ ማዶ ከሆነ፣ 1080ፒ ብሉሬይ አያሳፍርም።

ሌላው ልታውቁት የሚገባ ነገር ገበያው እየጠበበ መሆኑ ነው። ዲቪዲ በ1996፣ ብሉሬይ በ2006፣ 4ኬ ብሉሬይ በ2016 ወጡ፤ ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር። ኦፖ በ2018 ዴክ መሥራት አቆመ። ሳምሰንግ በ2019 ለአሜሪካ ገበያ አዲስ እንደማያወጣ ተናገረ። ኤልጂ በ2024 ተከተለ። ሱቅ መደርደሪያ ላይ "አዲስ ገባ" የሚባለው ዓመታት የተቀመጠ ሊሆን ይችላል። ይህ ክፉ ነው አልልም። ግን ጎማው የደረቀ መክተቻ ስለሚያጋጥም ዋስትናው ላይ አትለሳለሱ።

4. ከውጭ የሚላክ ከሆነ ሦስት ጥያቄ

ዘመዴን ያጋጠመው እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ መብራቱ ነው። የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ከዴኩ ጀርባ ያለውን ጽሑፍ ላኪው ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። "100-240" የሚል ከሆነ ሶኬቱን መቀየር ብቻ ነው። "120" ብቻ የሚል ከሆነ ያለ ትራንስፎርመር ሰክታችሁት ሽታውን ትሰማላችሁ። አንዳንድ ዴኮች ኃይላቸውን ከውጭ በ12 ቮልት አዳፕተር ይወስዳሉ። እነሱ ቀላል ናቸው፤ ቮልቱ፣ አምፒሩና የጫፉ አቀማመጥ የሚመሳሰል አዳፕተር እዚሁ መግዛት ይቻላል።

ሁለተኛው ቀጠና ነው። የፊልም ኩባንያዎች ዓለምን ሸንሽነው ዴኩም ሲዲውም ላይ ቁጥር አትመዋል። በዲቪዲ አሜሪካ 1፣ አውሮፓና መካከለኛው ምሥራቅ 2፣ ኢትዮጵያ ከአብዛኛው አፍሪካ ጋር 5 ናት። በብሉሬይ ፊደል ነው፦ አሜሪካ ኤ፣ አውሮፓ፣ አፍሪካና መካከለኛው ምሥራቅ ቢ። ስለዚህ ከዱባይ የመጣ ብሉሬይ ዴክና ከዋሽንግተን የመጣ ብሉሬይ ሲዲ ላይስማሙ ይችላሉ። ደንቡ አንድ ነው፤ ዴኩና ፊልሙ ከአንድ ሰፈር ይምጡ። 4ኬ ብሉሬይ ቀጠና የለውም። እዚህ አገር የተቀዳ የሠርግ ሲዲም ቀጠና የለውም።

ታዲያ የዘመዴ ሠርግ ለምን እምቢ አለ? ሦስተኛው ጥያቄ እሱ ነው። እኛ አገር ሠርግ የሚቀረጸው በፓል ነው፤ 576 መስመር፣ በሴኮንድ 25 ምስል። አሜሪካ ኤንቲኤስሲ ናት፤ 480 መስመር፣ በሴኮንድ 30 ገደማ። ለአውሮፓና ለዱባይ የሚሠሩ ዴኮች አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ያጫውታሉ። ለአሜሪካ ገበያ የሚሠሩ ብዙ ብሉሬይ ዴኮች ግን ፓል ዲቪዲን አይቀበሉም። ይህን ካርቶኑ ላይ አይጽፉትም። የመዝሙሩ ሲዲ ደግሞ ቪሲዲ ነበር፤ አንዳንድ አዳዲስ ዴኮች ቪሲዲን ከነጭራሹ ትተውታል።

አሜሪካ ያለ ዘመድ "ዴክ ልላክላችሁ?" ካለ ምስጋናችሁን አቅርቡና ብሩን እንዲልክ ለምኑት። አውሮፓ ያለው ግን ይላክ።

5. ሱቅ ውስጥ አትቸኩሉ

ቡሬ ገበያ በሬ የሚገዛ ገበሬ ጥርሱን ሳያይ፣ ወዲያ ወዲህ ሳያስኬድ ብር አይቆጥርም። ዴክ ላይ ግን ካርቶን አቅፈን እንወጣለን። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ይዛችሁ የምትሄዱት ይህን ነው፦ አንድ ቪሲዲ፣ የሠርጋችሁን ዲቪዲ፣ ቤት ካለው ሁሉ የበለጠ የተጫረውን ሲዲ፣ ብሉሬይ ካለ ብሉሬይ፣ አንድ ፍላሽ።

ሻጩ የራሱን ማሳያ ሲዲ ይከትታል። ያማረ ሲዲ ነው፤ በማንኛውም ዴክ ያምራል። አመስግኑትና የእናንተን የተጫረውን ክተቱ። ተቋቁሞ ካለፈ ሌንሱና ስሕተት ማረሚያው ደህና ናቸው።

ከዚያ የሠርጉን ዲቪዲ ክተቱና ወደ መጨረሻው አካባቢ ዝለሉ። ሲዲ የሚነበበው ከመሃል ወደ ጠርዝ ነው። ቤት ውስጥ የተቀዳ ሲዲ፣ በተለይ የተጣመመ ከሆነ፣ የሚቸገረው ጠርዙ ላይ ነው። ሙሽሮች ሲገቡ አሪፍ የነበረው ዴክ መልሱ ላይ ሲደርስ መንተባተብ ይጀምራል። ሱቅ ውስጥ አምስት ደቂቃ ብቻ ያየ ሰው ይህን የሚያውቀው ቤቱ ነው።

ድምፁን አጥፉና ጆሯችሁን ወደ ዴኩ አስጠጉ። ሲሽከረከር እንደ ወፍጮ የሚጮህ ከሆነ ፊልሙ ጸጥ ባለ ቁጥር ትሰሙታላችሁ። መክተቻውን አሥር ጊዜ ያህል ክፈቱ፣ ዝጉ። ሻጩ ፊቱን ቢያጨፈግግም።

ፍላሹ ላይ ሦስት ነገር አስቀምጡ፦ በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ፣ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፊልም፣ ከአማርኛ የጽሑፍ ትርጉም ጋር ያለ ፊልም። ፋት32 በሚባለው አሠራር የተዘጋጀ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይይዝም። ትልቁን ለመያዝ ኤንቲኤፍኤስ ወይም ኤክስፋት መሆን አለበት፤ ያን ደግሞ የማያነቡ ዴኮች ሞልተዋል። የአዳዲስ ስልኮች ቪዲዮ ብዙ ጊዜ በኤች265 የታመቀ ስለሆነ ርካሽ ዴክ ድምፁን አሰምቶ ምስሉን ይነፍጋችኋል። የአማርኛው ጽሑፍ ደግሞ ፊደላችንን የማያውቅ ዴክ ላይ የካሬ ሳጥን ሰልፍ ሆኖ ይመጣል። ይህን ሻጩም አያውቀውም፤ ከእናንተ ጋር ያየዋል።

ሪሞቱን ደብቁና ዴኩን ለማዘዝ ሞክሩ። ብዙ መካከለኛ ዴኮች ፊታቸው ላይ ማብሪያና መክፈቻ ብቻ ነው ያላቸው። ሪሞቱ ሶፋ ሥር ጠፋ ማለት ዴኩ ጠፋ ማለት ነው።

በመጨረሻ ዋስትና። ማህተም ያለበት ወረቀት። "እኛ እዚሁ ነን፣ የትም አንሄድም" ዋስትና አይደለም። እኔ አንድ ጊዜ በዚህ ቃል ገዝቼ፣ በሦስተኛው ወር ሱቁ ጫማ ቤት ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ከመግዛታችሁ በፊት ለሰፈራችሁ ጠጋኝ ደውሉና ለዚህ ሞዴል ሌንስ ይገኝ እንደሆነ ጠይቁ። የዲቪዲ ሌንስ ብዙ ጊዜ አይጠፋም። የብሉሬይ ሌንስ ከዲቪዲው በጣም ይቸግራል።

ያገለገለ ከሆነ ምርመራው ያው ነው፤ አንድ ይጨመርበታል። ዴኩ አንድ ሰዓት ከሠራ በኋላ ሞክሩት። ቀዝቅዞ ያነበበውን ሞቆ የሚረሳ ሌንስ አለ። ሲዲንም ዲቪዲንም ብሉሬይንም ለየብቻ ሞክሩ፤ ሦስቱ በተለያየ ጨረር ስለሚነበቡ አንዱ ሞቶ ሁለቱ ሊኖሩ ይችላሉ።

6. ቤት ሲገባ

ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ከሆነ የመጣው፣ ላይ አታስጭኑት። ዓባይ በረሃን ወርዶ ደጀን እስኪወጣ ያለውን መንገጫገጭ በጉልበታችሁ ላይ ቢያልፈው ይሻላል። ሌሊት ብርድ ውስጥ አድሮ ሞቅ ያለ ቤት የገባ ዴክ ደግሞ ሌንሱ ላይ ጤዛ ይይዛል። አንድ ሁለት ሰዓት ሳታበሩት ይረፍ።

ስታብላይዘር ግዴታ ነው። ዴኩን የሚገድለው መብራት ሲሄድ ሳይሆን ሲመጣ ያለው ምት ነው። መብራት ሲጠፋ ዲቫይደሩን ንቀሉና ከተመለሰ ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ ሰኩት። ክረምት ላይ መብረቅ ሲበዛ የዲሹንም ገመድ ንቀሉ፤ በእሱ ገብቶ በኤችዲኤምአይ ዴኩ ድረስ ይሄዳል።

ዳንቴሉን አንሱ። እናቶቼ ይቅር ይበሉኝና ዳንቴል ለዴክ ልብስ ሳይሆን ማፈኛ ነው። ዴኩን በአምፕሊፋየሩ ላይም አትደርቡት። ደብረ ማርቆስ ከባህር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ናት፤ አየሩ ሳሳ ስለሚል ሙቀት የማንሳት አቅሙም ያንሳል። ቡና የሚቆላበትና ዕጣን የሚጨስበት ጥግም ለሌንስ ጠላት ነው። ሌንስ ሲቆሽሽ ንጹሕ አልኮልና ጥጥ እንጂ አረቄ አይሆንም። ያደረገ ሰው አውቃለሁ። ሲዲውን ስትጠርጉ ከመሃል ወደ ጠርዝ በቀጥታ ጥረጉ፤ ዙሪያውን አታሽከርክሩ።

የዴኩ ማስተካከያ ላይ ብዙ አትድከሙ። ቴሌቪዥኑን 16 በ9 በሉት። የድሮ ሠርግ 4 በ3 ስለሆነ ግራና ቀኙ ጥቁር ይሁን፤ ለመሙላት ብትለጥጡት ሙሽራዋ ትወፍራለች። ድምፁን ሆም ቴአትሩ የሚፈታ ከሆነ "ቢትስትሪም"፣ በቴሌቪዥኑ ስፒከር የምትሰሙ ከሆነ "ፒሲኤም" ምረጡ። የመሃሉን ስፒከር ከቴሌቪዥኑ ሥር አድርጉት፤ ንግግር የሚወጣው ከእሱ ነው። የሠርግ ሲዲ የተቀዳው በግራና ቀኝ ብቻ ስለሆነ የኋላዎቹ ዝም ቢሉ አልተበላሹም።

አዲሱ ዴክ በደንብ እያነበበ ሳለ ደግሞ ሠርጉን ኮምፒውተር ያለው ሰው ዘንድ ወስዳችሁ ሃርድ ዲስክ ላይ አስገልብጡ። ቤት የተቀዳ ዲቪዲ የሚጻፈው ቀለም ላይ ነው፤ ቀለሙ በፀሐይና በዕድሜ ይደበዝዛል። ሁለት ቦታ አስቀምጡት።

ዘመዴ በመጨረሻ ባህር ዳር ወርዶ ኤችዲኤምአይ ያለው ዲቪዲ ዴክ ገዛ። የተጫረውን ሲዲ ይዞ ሦስት ሱቅ ዞሯል። የእህቱንም ብሉሬይ አልጣለውም፤ እሷ የምትልካቸውን ፊልሞች ያይበታል። ሁለቱ ዴኮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሪሞቶቹ ስለሚምታቱበት ጀርባቸው ላይ ፕላስተር ለጥፎ በእስክሪብቶ ጽፎባቸዋል። አንዱ "ሠርግ" ይላል፣ ሌላው "ፊልም"።